ጠበቃ መሆንስ አገልግሎት አይደለምን?

የዛሬው ጽሑፌ አንድ ስህተቴን በመናዘዝ ይጀምራል።

አምና አንድ ቅዳሜ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን አልቆ ወንበር ስንሰበስብ፣ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የሆነች አንዲት እህት ቀረበችኝ። በመዘምራን ቡድናችን ታገለግላለች። "መምህር፣ ትምህርቱን ልተወው ይሆን?" አለችኝ። የልምምድ ሰዓት ከክፍል ጋር እየተጋጨባት ነበር። በዚያ ላይ "ጠበቃ ካልዋሸ አይበላም" የሚሉ ሰዎች ልቧን ከፍለውታል። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ወንበሩን እንደያዝኩ "ጸልዪበት፤ ብቻ የጌታን አገልግሎት አስቀድሚ" ብያት ሄድኩ። ከሁለት ወር በኋላ ለሴሚስተሩ እንዳልተመዘገበች ሰማሁ።

መልሴ መንፈሳዊ ይመስላል፤ አይደል? ነገር ግን አገልግሎትን ከመድረክ ጋር ብቻ አስሬ ነበር የመለስኩላት። ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሞ፣ ከዓመታት በፊት ታሪኳን ያነበብኩት አንዲት አሜሪካዊት ትዝ አለችኝ። እስቲ ስለ እርሷ ላጫውታችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ ዶቪ ጆንሰን ራውንድትሪ ይባላል። በ1914 በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ ተወለደች። አምስት ዓመት ሲሆናት፣ እኛ የኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው ወረርሽኝ አባቷን ወሰደባት። እናቷ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች። ወንድ አያቷ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ሴት አያቷ ሬቸል ግራሃም ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። በልጅነታቸው አንድ ነጭ የእርሻ ተቆጣጣሪ ሊደፍራቸው ሲል ታግለውት፣ ሮጠው እንዳያመልጡ እግራቸውን ረግጦ ሰብሮባቸዋል። ሕመሙ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልለቀቃቸውም።

አንድ ቀን ትንሿ ዶቪ በከተማው ትራም ከፊት ወንበር ላይ ብትቀመጥ ሹፌሩ ጮኸባት። ያ ስፍራ ለጥቁር አይፈቀድም ነበር። አያቷ አንድም ቃል አልመለሱለትም። የልጅቷን እጅ ይዘው ወረዱና በዚያ በተሰበረ እግራቸው መንገዱን በእግር ተጓዙት።

ዶቪ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበራት። አትላንታ ወደሚገኘው ስፔልማን ኮሌጅ ገባች። ገንዘብ አጥታ ልታቋርጥ ስትል ሜሪ ሜይ ኔፕቱን የምትባል ነጭ መምህርቷ ከራሷ ኪስ አበድራት አስጨረሰቻት። በ1938 ተመረቀች። (ይህን ሳነብ አፈርኩ። ያቺ መምህርት ተማሪዋ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ገንዘቧን አወጣች፤ እኔ ግን ወንበሩን እንኳ አላስቀመጥኩም።)

በ1942 በአሜሪካ ጦር የሴቶች ክፍል ለመጀመሪያው የመኮንንነት ሥልጠና ከተመረጡት 40 ጥቁር ሴቶች አንዷ ሆነች። በ1943 ግን የመኮንን ልብሷን እንደለበሰች ማያሚ ላይ ወንበሯን ለአንድ ነጭ ወታደር እንድትለቅ ተደርጋ ከአውቶቡስ ወረደች። ከጦርነቱ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረችና በ1950 ተመረቀች። በዋሽንግተን ጥብቅና ስትጀምር፣ ጥቁር ጠበቆች መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ ከፍርድ ቤቱ ሕንፃ መውጣት ነበረባቸው።

በ1952 ሣራ ኪስ የምትባል ወጣት ወታደር ለፈቃድ ወደ ቤቷ ስትጓዝ አውቶቡስ ላይ ወንበሯን ለነጭ ወታደር አልለቅም ብላ ታሰረች፤ 25 ዶላርም ተቀጣች። ጉዳዩ ወደ ዶቪና ወደ ሥራ ባልደረባዋ ጁሊየስ ሮበርትሰን መጣ። በዚያች ልጅ ታሪክ ውስጥ ዶቪ የራሷን ማያሚ አላየች ይሆን? ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ አይመለከተኝም አለ። ወደ ፌዴራሉ የክፍለ ግዛቶች ንግድ ኮሚሽን ሄዱ፤ እዚያም መጀመሪያ ጉዳዩን ያየው መርማሪ ፈረደባቸው። ይግባኝ አሉ። በኖቬምበር 1955፣ ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ ከመታሰሯ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ኮሚሽኑ ከግዛት ግዛት በሚጓዙ አውቶቡሶች ላይ መንገደኛን በዘር ለይቶ ማስቀመጥ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። ደስታው ግን ወዲያው ሙሉ አልሆነም። ውሳኔው በሚገባ የተፈጸመው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በሉቃስ 18 ዳኛውን ደጋግማ የለመነችውን መበለት አስቡ፤ ፍትሕ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1961 ዶቪ በአፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ለወንጌል አገልግሎት ተሾመች። በዚያ ቤተ እምነት እንዲህ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። እኔ በዚያን ጊዜ አማካሪዋ ብሆን ኖሮ "አሁንስ ፍርድ ቤቱን ተዪው" የምላት ይመስለኛል። እርሷ ግን ቢሮዋን አልዘጋችም።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1965፣ አንዲት ታዋቂ ነጭ ሴት በመግደል ለተከሰሰ ድሃ ጥቁር የቀን ሠራተኛ ጠበቃ ሆና ቆመች። ዐቃቤ ሕግ 27 ምስክሮች አቀረበ። እርሷ ያቀረበችው ስለ ልጁ ጠባይ የሚናገሩ ሦስት ሰዎችንና ራሱን ልጁን ነው። ምስክሩ አየሁት ያለው ሰው ከተከሳሹ ይልቅ ረጅምና ወፍራም ነበር፤ እርሷም የጁሪው አባላት ልጁን ራሱን ተመልክተው እንዲፈርዱ አደረገች። በነጻ ተለቀቀ። የጠየቀችው ክፍያ አንድ ዶላር ነው። እንግዲህ "ጠበቃ ካልዋሸ" ለሚሉ ሰዎች ይህን ንገሩልኝ፤ ያን ቀን ያሸነፈችው በዓይን የሚታይ እውነት አሳይታ ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት በቤተሰብና በልጆች ጉዳይ ላይ አተኮረች። እሁድ በአለን ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ሰውን ታጽናናለች፤ ሰኞ ደግሞ ያንኑ የሚመስል የተሰበረ ሰው ይዛ ዳኛ ፊት ትቆማለች። በ2018 በ104 ዓመቷ አረፈች።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ኢሳይያስ 1፥17ን አውጥታችሁ አንብቡ። ለመበለት መሟገት እዚያ መልካም ከተባለው ሥራ ጋር ተቆጥሯል። ከዚያ 1ኛ ዮሐንስ 2፥1ን ክፈቱ። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ጌታችን ራሱ በአብ ዘንድ የተጠራበትን ስም ታገኛላችሁ፤ ጠበቃ ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤው እንዳላስተዋልኩት ጌታ ይወቅ።

መዝሙር አትተዉ እያልኩ አይደለም፤ መድረኩንም አላቃልልም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የሂሳብ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ የሕግ ተማሪዋ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚውሉበትን ስፍራ ጌታ የሌለበት አድርገን የነገርናቸው እኛ አይደለንምን?

ያቺን እህት ፈልጌ አገኘኋት። በዚህ ጊዜ ተቀምጬ፣ ቡና አዝዤ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ሴሚስተሩ እኮ አልፏል" አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ልመልሰው አልችልም። ስንለያይ ግን የጠየቀችኝ ስለ ምዝገባ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት መቼ እንደሚጀምር።

እናንተም ጸልዩላት። መካሪዎቻችሁ ስትጠይቋቸው ወንበር ተሸክመው ከሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ ወንበሩን እንዲያስቀምጡ በትሕትና ንገሯቸው።

ጌታ ይባርካችሁ።