ዘንድሮስ ለግራኝ ተመቸ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ አዲስ ቅዳም ውስጥ ግራኝ ሆኖ ማደግ ምን ይመስል እንደነበር ትዝ ይላችኋል? ለእንግዳ ቡና ላቀብል ስኒውን በግራ እጄ ከረከቦቱ ሳነሣ እናቴ ከወዲያ ትገላምጠኛለች፤ ትምህርት ቤት መምህሩ ፊቱን ሲያዞር ጠብቄ እስክሪብቶዬን ወደ ግራ እመልሳለሁ፤ ታዲያ ያልደረቀውን ቀለም እጄ እየተከተለ ስለሚጠርገው ደብተሬም መዳፌም ሰማያዊ ሆኖ ይጋለጥብኛል፤ ከዚያማ ማስመሪያ ነው! እንጀራ ስጋግር ሊጡን ከሌላው ሴት በተቃራኒ አዞር ስለነበር ጎረቤቶቻችን «የዚችን ልጅ እንጀራ የበላ የቤቱ መንገድ ይጠፋበታል» ብለው በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ዛሬስ? የልጅ ልጄ በግራው ይጽፋል፣ በግራው ስልኩን ይነካካል፣ ማንም ምንም አይለውም። ከመቶ ሰው ዐሥሩ ያህል ግራኝ እንደሆነ፣ ግራ እጅንም የሚያዝዘው የአንጎል ቀኝ ክፍል እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። አያችሁልኝ? ቀኙ እያዘዘ ግራው ተመታ!

የሁለት እጅ ነገር እንዲህ ካስቸገረ፣ ባለ አራት እግሩ ፈረሳችንስ ብትሉ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ጥር 23 በጊዮርጊስ ቀን ፈረሱ እንደ ሙሽራ አጊጦ ሲወጣ፣ እኛ ሁለት እጅ ማስማማት አቅቶን ስንገረፍ እሱ አራት እግሩን ሳያጋጭ እንዴት እንደሚሮጥ እንከራከር ነበር። ሶምሶማ ሲል የፊት ቀኙና የኋላ ግራው አብረው ይነሣሉ፤ ሰጋሩ ግን የአንድ ጎኑን እግሮች ያስከትላል፤ ባለቤቱም «ብርሌ ይዘህ ተቀመጥበት፣ ጠብ አይልም» እያለ ይኮራል። በሽምጥ ግልቢያ አራቱም ከመሬት ይነሡ እንደሆነማ የሚያስታርቀን ጠፋ። አሜሪካ ውስጥ ማይብሪጅ የሚባል ሰው በ1878 እ.ኤ.አ. ካሜራ ደርድሮ አሳይቶት ኖሯል፤ ይነሣሉ! ዘንድሮ እንጅባራ በበዓሉ ላይ ጎረምሳው ሁሉ በስልኩ ቀድቶ፣ ቪዲዮውን ቀስ አድርጎ ያሳያችኋል። ሲጋልብ አንዱን እግሩን ማስቀደም የሚወድ ፈረስም አለ፤ እንደኔው ግራኝ መሆኑ ነው። ማስመሪያ ግን አያውቅም!

የእርምጃውን ምት የሚጠብቅለት ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያለው የነርቭ መረብ ነው አሉ፤ አንጎሉ «ሂድ፣ ፍጠን፣ ቁም» ካለ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል። ስምንት ክንድ ያለው የባሕሩ ኦክቶፐስ ደግሞ ይብሳል፤ ከነርቭ ሕዋሶቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል ክንዶቹ ውስጥ ስለሆነ እያንዳንዱ ክንድ ብዙውን ነገር በራሱ ያደርጋል። እናቴ እሱን ቡና አቅራቢ ብታገኘው የትኛውን እጁን ትገላምጥ ነበር?

ፈረሱን ካነሣን፣ ያኔ የምንጓዘው በጋሪ፣ የፈረሱን ጅራት እያየን፤ አሁን በባጃጅ። ባጃጅ ደግሞ ማርሹ በግራ እጅ ነው! ደስ ብሎኝ ሾፌሩን «ልጄ፣ ግራኝ ነህ እንዴ?» ብለው «እማማ፣ የፈለጉትን ነኝ፣ ብቻ ይግቡልኝ፣ አንድ ሰው ነው የጎደለኝ» አለኝ።