ሐይቁ ያቆየው ቋንቋ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከባቱ ከተማ የደረሰ መንገደኛ ሐይቁን ከዳር ሆኖ ያያል፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ይበላል፤ ከዚያም ወደ ሐዋሳ ያልፋል። በሩቁ የሚታዩት ደሴቶች ሰው የሚኖርባቸው አይመስሉትም። ዛይ የተባለው ሕዝብ ግን ዘመናትን ያሳለፈው በእነዚያ ደሴቶች ላይ ነው።

ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራው እንኳ 10 ሜትር አይደርስም። መቂና ካታር ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። ከአምስቱ ዋና ዋና ደሴቶች ትልቁን ኦሮሞው ቱሉ ጉዶ፣ ትልቅ ተራራ፣ ይለዋል፤ ለቤተ ክርስቲያን ግን ደብረ ጽዮን ነው። የቀሩት ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ይባላሉ።

በደብረ ጽዮን የሚተረከው ታሪክ የታወቀ ነው። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሸሹ ካህናት በደሴቲቱ ተጠለሉ፤ በኋላም በግራኝ አህመድ ዘመን ሌሎች ስደተኞች ተጨመሩ ይባላል። ደብሩ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ ማቆየቱም ለትረካው ክብደት ሰጥቶታል።

የሕዝቡ አንደበት ግን ሌላ ይመሰክራል። ዛይኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ሆኖም የቅርብ ዘመዶቹ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ የሚነገረው ስልጢኛና በሩቅ ምሥራቅ ያለው ሐረሪ እንጂ የሰሜኑ ትግርኛ አይደለም። ሕዝቡ በሙሉ ከአክሱም የፈለሰ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ ባልሆነ ነበር። ይህ ማለት ካህናቱ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ታቦት ይዘው ከሰሜን የመጡት ጥቂቶች፣ ተቀብለው ያስጠጓቸው ደግሞ ቀድሞውኑ በአካባቢው የነበሩ ብዙኃን ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቂቶቹ ታሪካቸውን አወረሱ፤ ልጆቹ ግን በእናቶቻቸው ቋንቋ አፋቸውን ፈቱ።

በአርሲ ኦሮሞ መካከል ይህን ያህል አነስተኛ ቋንቋ የቆየው ውኃው አጥር ስለሆነለት ነው። አጥሩ ጠላትነት ብቻ አልነበረም፤ ዓሣና ሸማ ወደ የብስ ይወጣ፣ እህልና ከብት ወደ ደሴት ይገባ ነበር። ደሴተኞቹ ገደላማውን መሬት በድንጋይ እርከን እየያዙ ያርሱ ነበር፤ መሬቱ ግን ጠባብ ነው። የምኒልክ ሠራዊት በ1886 እ.ኤ.አ. አርሲን ካስገበረ በኋላ ብዙዎች ወደ ዳር ተሻገሩ። በየብስ እርሻ አገኙ፤ ከጎረቤት ጋር ተጋቡ፤ የልጆቻቸው መግባቢያም እየዋለ እያደረ ኦሮምኛ ሆነ። ይህን በደል ብሎ መጥራት ይከብዳል፤ የኑሮ መንገድ ነውና።

ቮልፍ ሌስላው በ1999 እ.ኤ.አ. የዛይኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ሮኒ ማየር ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ሰፊ ሰዋስው በጀርመንኛ አቀረቡ። ሁለቱም ትልቅ ውለታ ናቸው። የፉንዱሮ አሮጊት የልጅ ልጇን «እስቲ አንብብልኝ» ብትለው ግን የራሷን ቃላት በባዕድ ማብራሪያ ተከበው ታገኛቸዋለች።

ዛሬ አጥሩ ራሱ ታሟል። ውኃው ለመስኖና ለአበባ እርሻ ይሳባል፤ እምቦጭ በዳሩ ተንሰራፍቷል፤ ዓሣውም እንደ ቀድሞው አይገኝም። መረቡ የቀለለበት አጥማጅ ልጁን ወደ ባቱ ይልካል። ልጁም ሥራ ቢያገኝ፣ ከባልደረቦቹ ጋር የሚነጋገረው በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው።