የአቃቂው ቁራሌውና የዛገው የጠፈር መርከብ

አቃቂ ቃሊቲ፣ ከድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ጄሪካን፣ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበርና የማይሠራ ቴሌቪዥን የሚለይበት ግቢ አለ። ባለቤቱ በቁራሌውነት ጀምሮ እዚህ የደረሰ ጎልማሳ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው ከልጅነቱ የጎበጠ ነው። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም። የሚጠራበትን ቅጽል እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ አንባቢ ይገምተዋል።

ከዓመታት በፊት አንድ ፊልም ሠሪ ግቢው ድረስ መጥቶ «አንዲት ትዕይንት ላይ ብቻ ግባልን» ብሎት ነበር። ሥራው በር ከፍቶ ብቅ ማለት ነው። ዋናው ተዋናይ አይቶት ደንግጦ ይሮጣል፣ ተመልካች ይስቃል። ክፍያው ደህና ነበር። አልሄደም።

አንድ ቅዳሜ ማታ የእህቱ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ፤ የእርስዎ ሥራ ነው።»

ፊልሙ «ክራምብስ» ነበር፤ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ አገራችን ላይ በአማርኛ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም ፌስቲቫል የታየ፣ 68 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው። ዓለም ካበቃላት ቆይቷል። ሰማይ ላይ አንድ የዛገ የጠፈር መርከብ ተንሳፎ ቀርቷል። ሰው የድሮ ኮተት ይለቅማል፤ የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይገመታል፣ ለማይክል ጆርዳን ፎቶ ይጸለያል። ለቃሚው ካንዲ የሚኖረው ከፍቅረኛው ጋር በተተወ ቦውሊንግ ቤት ውስጥ ነው። ካንዲ ዳንኤል ታደሰ ናቸው፤ እሳቸውም አጭር ናቸው፣ ጀርባቸውም ጎበጥ ያለ ነው። ፍቅረኛዋ ሰላም ተስፋዬ ነች።

ጎልማሳው መጀመሪያ በሸክላው ግምት ሳቀ። «እኔ በኪሎ ነው የምሸጠው» አለ። ሰላም ካንዲን ስታቅፈው ግን ዝም አለ። ልጁ ቀጣዩን ሊያሳልፍ ሲል እጁን ያዘው።

የሚጠብቀው ሳቁን ነበር፤ አልመጣም። ታሪኩ በካንዲ ጀርባ ላይ አይሽከረከርም። ይፈራል፣ ይመኛል፣ መንገድ ይወጣል፣ ይወደዳል። በብዙ የአገራችን ኮሜዲዎች እንዲህ ያለ አካል በር ከፍቶ ለማስደንገጥ ብቻ ነው የሚጠራው። ይህን ለመስበር የውጭ ሰው መምጣት ነበረበት ወይ? ጥያቄው ያማል፤ የማድሪድ ልጅ ያየውን የአዲስ አበባ ፕሮዲውሰር አላየውም።

ልጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በቀላሉ አይረታም። «ጋሼ፣ ያ ቢጫ መሬት ዳሎል ነው። አፋር ነው። ፊልሙ የሞተች ፕላኔት አስመሰለው፤ እዚያ አካባቢ ጨው የሚቆርጡ፣ በግመል የሚጭኑ ሰዎች አሉ። የእነሱ ቋንቋ የታለ?»

ልጁ ልክ ነው። ፈረንጅ ካሜራ አገራችንን ሲያይ ፍርስራሽ ማየት ይወዳል፤ በረሃ ደግሞ ባዶ ይመስለዋል። አንዱን ከዳር አንስቶ መሀል ያቆመ ፊልም ሌላውን ከስዕሉ ሊያወጣው ይችላል። ይህን ስህተት አዲስ አበባም ስትሠራው ኖራለች፤ አፋር በአማርኛ ፊልም ውስጥ ስንት ጊዜ ታየ?

ጎልማሳው አሰበበት። «እነሱም ቢያዩት ይናደዱ ይሆናል» አለ። «እኔ ግን አልተናደድኩም። ምን ላድርግ?»

ቀጥሎ ሰውየው ሌላ ፊልም ሠርተው እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያው ዳይሬክተር ጋር ሌላ እንደሠሩ ነገረው።

«እዚያስ ምንድን ነው?»

«የሲ.አይ.ኤ. ሰላይ።»

«እንደጎበጠ?»

«እንደጎበጠ።»

«አምጣው» አለ።