በዝገት የተያያዙ ሁለት ወረቀቶች

በቤታችን ወግ ቅድመ አያቴ የሞቱት አዚናራ ነው። አያቴ ስለ አባታቸው ሲያወሩ፣ ከመኳንንቱ ጋር ተግዘው ባሕር ማዶ መቅረታቸውን ይነግሩን ነበር። ያረፉበት ቀን ስለማይታወቅ ሙት ዓመታቸው የካቲት 12 ይታሰባል።

እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። ከሰርዴኛ ሰሜን ምዕራብ ያለችው አዚናራ፣ ፋሺስቶች የፈሯቸውን ባለማዕረጎች ያጋዙባት ደሴት ናት። ቅድመ አያቴ ማዕረግ አልነበራቸውም፤ ከእንጦጦ ግርጌ ቁራሽ መሬት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። የእሳቸው ቢጤ እስረኛ በብዛት የተጋዘው ከሞቃዲሾ በስተደቡብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ወዳለው ደናኔ ነው።

የምሠራው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሲያስመጸውት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እዚሁ ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ሲመሠረት ማደሪያው እሱ ሆነ። ቅድመ አያቴን ለግዞት ያበቃቸው አፈሳ የጀመረበት ግቢ፣ ለእኔ ወረቀት የማደራጅበት የሥራ ቦታዬ ነው።

ሰው ስናነብ የምንውል ይመስለዋል። አብዛኛው ሥራችን ግን አቧራ መጥረግ፣ የዛገ አግራፍና ስፒል መንቀል፣ ወረቀቱን አሲድ በሌለው ፎልደር ማስቀመጥና በእርሳስ ቁጥር መስጠት ነው። ዝርዝር መግለጫ የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚቀድም ሕግ አለን፤ ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል አታፍርስ። የተዝረከረከ ቢመስልህ እንኳ በቀን ወይም በርዕስ ላስተካክለው አትበል።

የዚህን ሕግ ጥቅም ያየሁት፣ ከድሉ በኋላ ሹም የነበሩ ሰው ወራሾች የሰጡንን ስብስብ ሳደራጅ ነው። አንዱ እስር ከ1934 ጀምሮ የቀረቡ የመሬት አቤቱታዎችን የያዘ ነበር። አንደኛው ማመልከቻ ላይ የጣት አሻራ አለ፤ አመልካቿ የቅድመ አያቴ ባለቤት፣ የአያቴ እናት ናቸው። ባላቸውን ጠላት እንዳጋዘባቸው፣ መሬቱን ሌላ ሰው እንደያዘባቸው፣ የምስክር ቃል እንዳያያዙ ይናገራሉ። የተያያዘ ነገር ግን አልነበረም።

ከሥሩ፣ ከጥቂት ገጾች በኋላ፣ ርዕስም አድራሻም የሌለው ወረቀት አገኘሁ። ከደናኔ የተመለሱ አንድ ደብተራ ቃል ነው። አብረዋቸው ታስረው በወባና በተቅማጥ የሞቱትን፣ እሳቸው ፍትሐት ያደረሱላቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ ሁሉም የተጻፉት በዚያው ነው። አንዳቸውንም አላውቅም።

ያስቆመኝ የወረቀቱ ጥግ ነው። ስፒሉ ድሮ ተነቅሎ ሁለት ቀዳዳና ቡናማ የዝገት እድፍ ትቷል። የአያቴ እናት ማመልከቻም ጥጉ ላይ እንዲሁ አለው። ሁለቱን ሳደራርባቸው ቀዳዳው በቀዳዳ፣ እድፉም በእድፍ ላይ ዐረፈ። እሳቸው አያይዣለሁ ያሉት የምስክር ቃል ይህ ነበር። አንድ ሰው ቀደም ብሎ አቤቱታውን ከአቤቱታ፣ ዝርዝሩን ከዝርዝር ለይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን የማይበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

አክስቴ ዘንድ የአያቴ ዳዊት አለ፤ መጨረሻው ቅጠል ላይ የቤተሰቡ ሙታን በክርስትና ስም ተጽፈዋል። ከደብተራው ዝርዝር አንዱ ስም እዚያ ተገኘ። በምስክሩ ቃል፣ ባለስሙ ያረፉት በሐምሌ ሥላሴ ማግስት ነው።

አክስቴ ዝም ብላ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ታዲያ ባለቤታቸው ያውቁ ነበራ!» አለች። «አዚናራን ማን አመጣብን?»

እኔም ከዚያ ወዲያ የማስበው ይህንኑ ነው። ባልቴቲቱ ደናኔን በምስክር አስደግፈው ለሹም አቅርበዋል። ልጃቸው ያደጉት ግን አባታቸውን ከመኳንንቱ ጋር እያሰቡ ነው። መሬቱ ሳይመለስ ሲቀር፣ ለልጅ የሚተርፍ ክብር እንዲኖር እናትየው ራሳቸው ቦታውን ለውጠውት ይሆን? ይህን የሚመልስ ወረቀት እስሩ ውስጥ የለም።

ሁለቱን ወረቀቶች ካገኘሁበት አላነሣኋቸውም፤ አንድ ላይም አላያያዝኋቸውም። በዝርዝር መግለጫው ላይ ግን በአንድ ስፒል ተያይዘው እንደነበር ከነምክንያቱ ጻፍሁ። ደብተራው የጠሯቸውን ሟቾችም በሙሉ ማውጫው ውስጥ አስገባኋቸው። እኛ ሙት ዓመቱን ወደ ሐምሌ አዛውረናል። ከሌሎቹ የአንዱ የልጅ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ በዓለም ስማቸው ቢፈልጋቸው አያገኛቸውም። ስለዚህ አያቱን ፍለጋ የሚመጣን ሰው ሁሉ፣ ሣጥን ከማውጣቴ በፊት የክርስትና ስማቸውን እጠይቃለሁ።