ሐይቁም ዕድር ያስፈልገዋል

ባቱ ከተማ ላይ ስለ ዝዋይ ሐይቅ ወሬ ሲነሳ ጥፋቱ ሁሉ «ስግብግቦች» ላይ ይለጠፋል። ይህ ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል። በሞተር ውሃ ስቦ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ዐይኑ የጠበበ መረብ የሚጥለው አጥማጅም የዕለት ጉርሱን ነው የሚፈልገው። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሲደመር ነው። ሐይቁ ሰፊ ቢመስልም አማካይ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር ያነሰ ነው፤ የሚመግቡትም በዋናነት የመቂና የቀታር ወንዞች ናቸው። ሁሉም በየፊናው ሲስብ ወደ ቡልቡላ ወንዝ የሚፈሰው ይቀንሳል፤ ቡልቡላ ሲቀንስ እሱ የሚመግበው የአብያታ ሐይቅ ይሸሻል። ሳይራባ የተያዘ ቆሮሶ ዓሣ ደግሞ የሚጎድለው ከራሱ ከአጥማጁ የነገ ገበያ ነው።

«የጋራ ነገር ባለቤት የለውም፤ ወይ መንግሥት ይያዘው ወይ ለግለሰብ ይሰጥ» የሚሉ አሉ። የመንዝ ጓሳ የጋራ የሣር መሬት ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚነግረን። የአካባቢው ሕዝብ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የጓሳውን ሣር አባ ቄራ የሚባል አለቃ እየሾመ፣ በራሱ ደንብ ለዓመታት እየዘጋና ሲቸገር እየከፈተ ጠብቆታል። ያ ሥርዓት የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥልጣኑ ከተጠቃሚው እጅ ሲወጣ ነው። ተመራማሪዋ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችውም እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦችን አጥንታ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ዕድራችንን እንይ። ዕድርተኛው የሚያዋጣው ቅዱስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ነገ ለእሱም እንደሚደርስለት ስለሚያውቅና የቀረ ስለሚቀጣ ነው። የራስ ጥቅም ደንብ ሲበጅለት የጋራ ጥቅም ይሆናል።

ከባዱ ተቃውሞ «ትልልቆቹ የአበባ እርሻዎች እየሳቡ እኔ ባለ አንዷ ሞተር ለምን ልቆጠብ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን «እኔም ልሳብ» ሊሆን አይችልም። ትልቁን የማይነካ ደንብ በትንሹ ዘንድ አይከበርም፤ ስለዚህ ልኬቱ ከትልቁ መጀመር አለበት። «ሕግ አለ፣ መንግሥት ያስከብር» ማለትም ብቻውን አይበቃም። የዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሌሊት የትኛው ጀልባ የትኛውን መረብ እንደሚጥል የሚያውቀው ግን ጎረቤቱ አጥማጅ ነው። እናም አጥማጆች፣ ባለ ሞተር ገበሬዎች፣ የደሴቶቹ የዛይ ማኅበረሰብና ኩባንያዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ማን ስንት እንደሚስብ፣ ዓሣው መቼ እንደሚያርፍ፣ ደንብ የጣሰም ምን እንደሚቀጣ ይወስኑ። የከተማው አስተዳደርም ውሳኔያቸውን ያጽናላቸው። አብያታ እንዴት እንደሸሸ አይተናል፤ ዝዋይ ላይ ያንኑ ቆመን መጠበቅ የለብንም።