በጎቻችን ቀድመውናል

እኛ የሀርሺን ልጆች ዓለምን ያወቅነው ከካርታ በፊት በሬዲዮ ነው። ማታ ማታ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለን፣ ሽማግሌዎቹ የቢቢሲን የሶማልኛ ዜና ሲያዳምጡ እኛ የከተማ ስም እንለቅም ነበር፤ ጅዳ፣ ለንደን፣ ትሪፖሊ። ስሙ የጣፈጠን ሁሉ አንድ ቀን የምንሄድበት አገር ነበር።

ለሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ሳውዲ ምን አለች?» ይላሉ። ለካስ ያገራችን ጥቁር ራስ በግ ድንበር ተሻግሮ በርበራ ይወርድና በመርከብ ለሐጅ ሰሞን ጅዳ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳውዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርታ ያገደችው ንግድ የተከፈተው በ2009 ነው። እኛ የተወለድነው በዚያ መሐል ነው። የዓለም ዜና እኛ ቤት ዱቄትና ስኳር ነበር።

ዓለም ራሱ በእግሩ መጥቶብንም ያውቃል። በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ ሕዝቡ ወደኛ ፈለሰ፤ ጎረቤታችን ሐርትሼክ በዓለም ከታወቁት ግዙፍ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆኖ እስከ 2004 ቆየ። ወንዝ በሌለበት አገር፣ ዝናብ ካጠራቀመ ብርካ እየተቀዳ አብሮ ተጠጣ። ይህን የነገሩን አባቶቻችን ናቸው።

ታዲያ ከኛው መሐል አንዱ፣ ባንድ ወንበር የተማርን ጓደኛችን፣ ታህሪብ ወጣ። ሊሄድ ሲል ነግሮን ነበር። አልከለከልነውም፤ እንዲያውም ቀናንበት። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ መግባቱን ሰማን፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

እናቱ ዜና ሰዓት ሲደርስ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች። ለዕረፍት ስንመለስ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ስለ ባሕሩ ምን ሰማችሁ?» አለችን። «ሆዮ...» አልንና ቀረን። ሜዲትራኒያንን በካርታ ላይ ዓይናችንን ጨፍነን እናሳያለን፤ ለርሷ ግን መልስ አጣን።

በጋችን እንኳ በርበራ ማቆያ ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ የጤና ወረቀት ተጽፎለት ነው መርከብ የሚሳፈር። ጓደኛችን ምን ይዞ ሄደ? የኛን ዝምታ።

አንዋሽም፣ ጉዞ ዛሬም ያምረናል። ለንደንንም ጅዳንም ማየት እንፈልጋለን። ግን እናንተ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየመኝታ ክፍላችሁ «ልወጣ ነው» ብሎ ሹክ የሚላችሁ የለም? እኛን የነገረን በሌሊት ነበር፤ ሻይ እየጠጣን ሳቅንለት።