ካጠገቧ አልፌ ነበር

አርባ ምንጭን ያያችኋት ብዙዎች ናችሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ስትጓዙ የምታገኟት፣ ሙዝና ማንጎ የሞላባት ሞቃት ከተማ ናት። ከላይኛው ሰፈር ከሼቻ ቆማችሁ ቁልቁል ስትመለከቱ፣ የአባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ፣ የጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሁለቱን የሚለየው ተራራማ መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ከሥሩ ባለው ጫካ የሚፈልቁት ምንጮች ደግሞ ለከተማዋ ስሟን ሰጥተዋታል።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ግን ሐይቁም ምንጩም አልነበረም። ስለ ክርስቲያናዊ ፍቅር እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር። ትምህርቱን ጨርሼ አንድ ቀን ሲተርፈኝ፣ በቤታቸው ያስተናገዱኝ እናት «አገሬን ሳታይማ አትመለሽም» ብለው ወደ ጨንቻ ይዘውኝ ወጡ። እኔም እንደ ቤተሰቡ «እማማ» እላቸዋለሁ።

መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ከቆላ ወደ ደጋ ያወጣል። ሙዙ ቀርቶ እንሰትና ገብስ ይመጣል። በዶርዜ ከቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች ይታያሉ፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ከፍ ሲሉ በጨንቻ የታወቀው የአፕል ተክል አለ። ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩ ቀይ ነው።

የደረስነው በገበያ ቀን ነበር። ከገበያው ዳር፣ ከሰው ፈንጠር ብላ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ፊቷ ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ፈትል አለ፤ የሚገዛት ግን የለም። እግሮቿን በአሮጌ ጨርቅ ሸፍናለች። ስቀርብ ሽታው መታኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ካጠገቧ አለፍኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፍቅር ያስተማርኩት እኔው ነኝ!

ዞር ስል እማማ የሉም። ሴትዮዋ ፊት ተንበርክከው በጋሞኛ ያወሯታል። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ዕርቅ እንደሚለምኑ ሰምቼ ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን በአርባ ምንጭ እንዲሁ ተንበርክከው እንደመለሱ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እኚህ እናት ደግሞ በአንዲት ሴት እግር ፊት ተንበረከኩ። ጨርቁን ገልጠው አዩ። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ፣ ቆዳው ሻክሮና ተሰነጣጥቆ ነበር።

ሕዝባችን «ዝሆኔ» ይለዋል። ዝሆኔ ከአንድ በላይ መንሥኤ አለው፤ በትንኝ የሚተላለፍም አለ። የደጋው ግን ከአፈር የሚመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ሲሠሩ ይህንኑ አጥንተው አስረድተዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ የእግርን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ይጎዳሉ። በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚታመሙበት ይገመታል። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሊታመም የሚችለው በትውልድ የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ ነው። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ጎረቤቶቿ ግን ይህን አያውቁም። በሽታው በፈትሉ እንዳይጋባባቸው ፈርተው መግዛት ትተዋል። ቤተ ክርስቲያንም ሄዳ ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ተነሥተው ቦታ ስለቀየሩ፣ ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አልረገጠችም። እማማ ይህን ሲተረጉሙልኝ አንገቴን ደፋሁ። እኔስ ከእነዚያ በምን ተሻልኩ?

እማማ ብዙ አልተናገሩም። ፈትሉን በሙሉ ገዙ። ከዚያ እዚያው ከሚኖሩት እህታቸው ቤት ወሰዷትና ውኃ አስቀረቡ። ከአገሬው ጤና ጣቢያ የተማሩት ነገር ነበር። እግሯን በሳሙና አጠቡ፤ በረኪና በጥቂቱ ጠብ በተደረገበት ብዙ ውኃ ዘፈዘፉ፤ አድርቀው ቫዝሊን ቀቡ። በየቀኑ እንዲህ እንድታደርግ፣ ስትቀመጥም እግሯን ከፍ እንድታደርግ አሳዩአት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አደረሷት። እኔ የሰጠሁት የሳሙናና የጫማ ዋጋ ብቻ ነው። ጫማውም ቀላል አልነበረም፤ ከሱቅ የሚገኘው ስለማይገባላት በልኳ ሰፊ ሆኖ መሰፋት ነበረበት።

እንዲህ ያለው ሥራ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በጎረቤት ወላይታ፣ በሶዶ፣ ሚስዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ በስተርጅና ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1998 የእነዚህን ሕሙማን እግር ማከም ጀመሩ። ሕሙማኑ ራሳቸው ጫማ መሥራት እንዲማሩም ተደርጓል።

ከዓመት በኋላ እንደገና ጨንቻ ወጣሁ። ገበያው ዳር ፈለግኋት፤ የለችም። እማማ ሳቅ ብለው ወደ መሐል ጠቆሙኝ። ከሌሎች ፈታዮች ጋር ተርታ ተቀምጣ ትሸጣለች! እግሯ እንደ ሌላው ሰው እግር አልሆነም፤ ዕድሜ ልኳን ማጠብ አለባት። ግን እብጠቱ ቀንሷል፤ ቁስሉ ደርቋል፤ ሽታው ጠፍቷል። እህታቸው አስቀድመው በሰው ፊት ፈትሏን እየገዙ ስላሸመኑ፣ ሌላውም ፍርሃቱን ትቷል። በእሑድ ቀን ደግሞ እህትየው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝ። ያን ጊዜ ነጠላዬ ለዕንባዬ ሆነ።

ወገኖቼ፣ የሁሉንም ሰው ችግር መሸከም አንችልም። ይህን እንደ ምክንያት እየያዝን ግን አንዱንም ሳናይ እናልፋለን። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ውኃውንና ፎጣውን ያነሣው ራሱ ነው። እኔ ስለዚያ ውኃ ስንት ጊዜ ሰብኬ፣ ሲቀዳ ያየሁት ጨንቻ ላይ ነው። በየሰፈራችን፣ በየቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ወንበር ላይ፣ ሰው የሚሸሻት አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድም አለ። በዚህ ሳምንት ስሙን እንጠይቀው፤ አጠገቡም እንቀመጥ። ጌታ ይርዳን።